«የልጄ ጠባሳ የታለ?»

ዛሬ የምናዘዘው ጥፋት አለኝ… የሰው ጠባሳ አጥፍቻለሁ! «ታዲያ ይሄ ምኑ ጥፋት ነው?» ትሉኝ ይሆናል። ቆይ ስሙኝማ!

ከመጻፉ ጎን ለጎን ለወዳጅ ዘመድ ፎቶ በኮምፒዩተር እያስተካከልኩ የሻይ ቡናዬን እሸፍናለሁ። አንድ ቀን የሰፈራችን ልጅ ፍላሽ ይዛ መጣች። ወንድሟ አርፎ አርባው ተቃርቧል። ያለቻቸው ደህና ፎቶ አንዲት ብቻ ናት፤ አመሻሽ ላይ በር ላይ ቁጭ ብሎ በስልክ የተነሳት። ፍላሽ መብራት የለ፣ ስቱዲዮ የለ… የውጪው ብርሃን ከጎን መጥቶ ግማሽ ፊቱን አብርቶለታል። እንዴት ያለች ፎቶ መሰለቻችሁ!

የፈለጉት በትልቁ እንድትታጠብ ብቻ ነበር። እኔ ግን «ላሳምርላቸው» ብዬ ፎቶሾፕ ከፈትኩ። ብጉሩን አጠፋሁ፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ አጠፋሁ፣ በአንድ ጎን የወደቀውን ጥላ አነሳሁ፣ ቆዳውን አለሰለስኩ፣ ጠይሙን ልጅ ቀይ አደረግኩት። ከዚያ እዚያው ፋይል ላይ «ሴቭ»!

እናትየው ፎቶውን ተቀብለው ብዙ አዩት። «እጅህን ይባርከው ልጄ… ግን የልጄ ጠባሳ የታለ?» አሉኝ። ለካስ ልጅ ሆኖ ወድቆ፣ እሳቸው አዝለውት ጤና ጣቢያ የሮጡባት ጠባሳ ናት! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዋናው ፎቶ? እላዩ ላይ ሴቭ አድርጌበት የለ! ስልኩም ከተሰበረ ቆይቷል።

እንግዲህ ፎቶ የምትነካኩ ሁሉ፣ ከኔ ተማሩ። አንደኛ፣ ዋናውን አትንኩ። ኮፒ አድርጋችሁ በኮፒው ሥሩ። ፎቶሾፕ ላይ ከሆናችሁ ከላይ ባዶ «ሌየር» ክፈቱና እርማቱ እዚያ ላይ ይዋል፤ ካልጣማችሁ ሌየሩን ማጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ከፎቶሾፕ 7 ጋር የመጣው «ሂሊንግ ብራሽ» ከጎን ካለው ቆዳ ወስዶ ከቦታው ቀለምና ብርሃን ጋር ያመሳስላል። ለብጉር እሱ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ከማጥፋታችሁ በፊት «ይሄ ነገር ከወር በኋላም ፊቱ ላይ ይኖራል?» በሉ። ብጉር ይሄዳል፣ አጥፉት። ማርያም የሳመችው፣ ጠባሳ፣ የእናቶቻችን ንቅሳት ግን ሰውየው ራሱ ነው፤ እሱን ተዉት። ከዓይን ሥር ያለው ጥቁረትም ቢሆን ጨርሶ አይጥፋ። የሌየሩን ድምቀት («ኦፓሲቲ») ወደ ግማሽ ዝቅ አድርጉትና ቀለል ይበል።

ሦስተኛ፣ ከጥላው ጋር አትጣሉ! የመስኮት ወይም የበር ብርሃን ከአንድ ጎን ስለሚመጣ ለአፍንጫና ለጉንጭ ቅርጽ የሚሰጠው ጥላው ነው። እሱን ካነሳችሁት ፊቱ እንደ ምጣድ ጠፍጣፋ ይሆናል። ቆዳውንም አለስልሳችሁ ቀዳዳዎቹ ከጠፉ ሰውየው የፕላስቲክ አሻንጉሊት ሆነ ማለት ነው። ዓይን ውስጥ የምትብለጨለጨዋ ነጭ ነጥብ ደግሞ የመስኮቱ ነጸብራቅ ናት፤ ነፍስ የምትሰጠው እሷ ናትና አደራ!

ከሁሉም የሚሻለው ግን ስታነሱ መጠንቀቅ ነው። የቀትር ፀሐይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ ጠዋትና አመሻሽ ይሻላል። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ መስኮት አጠገብ ቁሙና አምፖሉን አጥፉት፤ ቢጫው መብራት ከውጪው ብርሃን ጋር ሲደባለቅ የፊት ቀለም ይበላሻል።

ማሳመር እንኳ ዛሬ አልተጀመረም። ኮምፒዩተር ሳይመጣ በፊት ባለሙያዎች ኔጌቲቩ ላይ በሹል እርሳስ እየነካኩ ሽብሽብ ያጠፉ ነበር። ጥያቄው «እችላለሁ ወይ?» ሳይሆን «የትጋ ላቁም?» ነው።

የኔ ጉድስ እንዴት አለቀ? እህትየው ፎቶዋን ድሮ ለአክስቷ ልጅ በቴሌግራም ልካለት ኖሮ ተገኘች። ቴሌግራም አሳንሷት በትልቁ ብትታጠብ ትደበዝዛለች። ስለዚህ መዳፍ በምታህል ወረቀት አሳጥቤ፣ አንድም ነገር ሳልነካ ወሰድኩላቸው። እናትየው ግንባሩ ላይ በጣታቸው ፈለጉ፣ አገኟት… ከዚያ ፎቶዋን ሳሟት።

እኔ በትልቁ ያጠብኳት ያቺ «ቆንጆ» ፎቶ አሁንም እኔው ቤት አለች። የሚወስዳት አልተገኘም።

ቸር ይግጠመን!