«በርሜሉ ምን ነበረበት?»

ባለፈው ዐቢይ ጾም ግቢያችን ውስጥ አንድ በርሜል ሲነድ ዋለ። አጥር የምንጋራቸው እትዬ ሁለት ጊዜ ብቅ ብለው አይተውን ዝም አሉ። በሦስተኛው ግን አላስቻላቸውም፤ «እናንተ ልጆች፣ በጾም ምኑን ነው የምትጠብሱት?» አሉን። የምንጠብሰው ሥጋ ሳይሆን ራሱን በርሜሉን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቴክሳስ ብዙ ዓመት ኖሮ የተመለሰው አጎቴ ለፋሲካ በጭስ የበሰለ ፍሪምባ ሊያበላን ቃል ገባ። በዚያ አገር ጠንካራውን የበሬ ፍሪምባ በእንጨት ጭስና በቀስታ ሙቀት ግማሽ ቀን ያህል አብስለው ይበሉታል። የፋብሪካ ማጨሻ ዋጋው ስለሚከብድ ብዙ ሰው ካገለገለ የብረት በርሜል በገዛ እጁ ይሠራዋል። እኛም «በርሜል እኮ ሞልቷል፣ ምን ችግር አለው!» ብለን ተነሣን። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ማጨሻው እንዴት እንደሚሠራና እንዴት እንደሚያበስል አስረዳለሁ። አስቀድሜ ግን በቅጡ ሳንጠይቅ ልናልፈው ስለነበረው አንድ ጥያቄ ላውራችሁ።

በርሜሉና ጋዜጠኛዋ

ለእኛ ትምህርት ክፍል በርሜል ባዕድ ነገር አይደለም። ኔሊ ብላይ የተባለችው አሜሪካዊት ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1887 የአእምሮ ሕመምተኛ መስላ ኒው ዮርክ በሚገኘው የብላክዌልስ ደሴት የሕሙማን መጠለያ ገብታ፣ በውስጡ ያሉ ሴቶች የሚደርስባቸውን በደል «ኒው ዮርክ ወርልድ» በተባለው ጋዜጣ ያጋለጠች ናት። ከ1889 እስከ 1890 ዓለምን በ72 ቀን የዞረችውም እሷው ናት። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኳ ግን ብዙ አይወራም። ባለፋብሪካው ባሏ በ1904 ሲሞት «አይረን ክላድ» የተባለውን የብረታ ብረት ዕቃ ድርጅቱን እሷ መራችው። በ1905 የድርጅቱ ሠራተኛ ሄንሪ ቬርሃን ለሠራው የብረት በርሜል የፈጠራ መብት ሲሰጥ መብቱ የተላለፈው ለእሷ ነው። አንዳንዶች «በርሜልን የፈጠረችው ኔሊ ብላይ ናት» ይላሉ፤ ሰነዱ ላይ በፈጣሪነት የሰፈረው ስም ግን የቬርሃን ነው።

ዛሬ የምናውቀው 200 ሊትር ገደማ የሚይዘው በርሜል የዚያ ዝርያ ነው። እኛ አገር ደግሞ በርሜል ሞቶ አይቀበርም። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው አሮጌ ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃና የከሰል ማንደጃ ሲሆን ያያል። ችግሩ በርሜል ሁለተኛ ሕይወቱን ሲጀምር የፊተኛውንም ይዞ መምጣቱ ነው።

አንድ ምንጭ፣ ያውም ባለጥቅም

የመጀመሪያውን በርሜል ስንገዛ ወንድሜ ሻጩን «ምን ነበረበት?» አለው። ሰውየው ሳያመነታ «የምግብ ዘይት» አለ። በርሜሉ አዲስ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፤ አንድም ጽሑፍ አይታይበትም። አመንነውና ተሸክመን ሰፈራችን ወዳሉት በያጅ ወሰድነው።

ሽማግሌው ግራይንደሩን ከማንሣታቸው በፊት በርሜሉ አናት ላይ ያለችውን ትንሿን መክደኛ ፈትተው አሸተቱ። ከዚያ «አንተ ተማሪው፣ እስቲ ና» ብለው ጠሩኝ። ጎንበስ ብዬ ሳሸት አፍንጫዬን የሰነፈጠኝ ዘይት ሳይሆን የቀለም ማቅጠኛ፣ ማለትም ቲነር ነው። «ይህን ብቆርጠው እኔም የለሁ፣ አንተም የለህ» አሉና ግራይንደሩን ከሶኬቱ ነቀሉት።

ለምን እንደሆነ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። እንደ ቤንዚንና ቲነር ያለ ነገር ሲቀመጥበት የኖረ በርሜል ባዶ ቢሆንም ባዶ አይደለም። ግድግዳው ላይ የቀረው ጥቂት ጠብታ ይተንና ከውስጡ አየር ጋር ይቀላቀላል። ይህ ድብልቅ ከፈሳሹ ይልቅ አደገኛ ነው፤ አንድ የግራይንደር ብልጭታ ይበቃዋል። በርሜሉ ዝግ ስለሆነም እንደ ቦምብ ይፈነዳል። በውሃ አጥቦ «አሁን ንጹሕ ነው» ማለትም አያስተማምንም፤ ትነቱ ስፌቱ ውስጥ ተደብቆ ሊቀር ይችላል።

ሻጩ ዋሸን እንዳልል፣ ተመልሰን ስንጠይቀው እሱም ከሌላ ሰው የገዛው መሆኑን ነገረን። ምናልባት የሰማውን ነው የደገመልን። እኛ ግን የጋዜጠኝነት ተማሪ ባለበት ቤት አንድ ምንጭ፣ ያውም ከመልሱ የሚጠቀም ምንጭ ይዘን፣ መለያ ጽሑፉ በቀለም የተሸፈነ ዕቃ ገዛን። ክፍል ውስጥ ዜናውን እንዲህ አድርገን ብናቀርብ መምህራችን ያለ ጥርጥር ይመልሱልን ነበር።

ሁለተኛው በርሜል የቲማቲም ድልህ የመጣበት ነው። ድልሁ በወፍራም ከረጢት ታሽጎ በርሜሉ ውስጥ ይቀመጣል፤ የአምራቹና የይዘቱ ወረቀት ከጎኑ እንደተለጠፈ ነበር። ክዳኑም ሙሉ ለሙሉ የሚነሣ ስለሆነ መቁረጥ አላስፈለገንም። ወንድሜ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ልጦ ደብተሬ ውስጥ አስቀመጠው።

አሠራሩ

መጀመሪያ በርሜሉን ማንደድ ነው። የምግብ በርሜልም ቢሆን ውስጡና ውጭው ቀለም አለበት፤ ሥጋ ከመግባቱ በፊት ቀለሙ መቃጠል አለበት። ከታች ቀዳዳዎቹን ከበሳን በኋላ ደረቅ እንጨት ሞልተን ግማሽ ቀን አነደድነው። እትዬን ያስቆጣው ይሄ ጭስ ነው። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ከሰው ራቅ ብሎና በነፋሱ አቅጣጫ ተጠንቅቆ መሥራት ይገባል፤ እኛ እዚህ ላይ አጥፍተናል። ሲበርድ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገን አጠብነውና የምግብ ዘይት ቀብተን እንደገና አሞቅነው፤ ይህ ዝገትን ይከላከላል።

ቀጥሎ የአየር መግቢያ ነው። ከወለሉ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ዙሪያውን አራት ቀዳዳ፣ እያንዳንዱ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይበሳል። በእያንዳንዱ ላይ በአንድ ቡሎን የሚዞር ትንሽ ላሜራ ይታሰራል፤ ቀዳዳውን የሚከፍተውና የሚዘጋው እሱ ነው። ክዳኑ ላይም ለጭስ መውጫ ስምንት ትንንሽ ቀዳዳ በሳን።

ለከሰሉ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ቅርጫት ሠራን፤ አመድ አየሩን እንዳያፍነው እግሩ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። የሥጋው ፍርግርግ ከከሰሉ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ከአፉ በታች በቡሎኖች ላይ ይቀመጣል። ፍርግርጉም ቅርጫቱም ከተራ ብረት መሆን አለበት። ዚንክ የተቀባ ሽቦ ወይም የውሃ ቱቦ ሲግል የሚያሳምም ጭስ ያወጣል።

እንዴት ነው የሚያበስለው?

ምስጢሩ አየሩ ነው። ዝግ በርሜል ውስጥ ከሰል የሚነደው በሚገባለት አየር ልክ ስለሆነ ላሜራዎቹን በማዞር ሙቀቱን ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቆየት ይቻላል። ከሰሉ ላይ የሚጣለው ቁራጭ እንጨትም አየር ስለሚያጥረው በነበልባል ሳይነድ ይጨሳል። አጎቴ ቴክሳስ የለመደው የባሉጥ እንጨት ነው፤ እኛ ግን ወይራ ተጠቀምን። እናቶቻችን የወተት ዕቃና የጠላ ጋን የሚያጥኑበት ወይራ ለሥጋ ባዕድ አልሆነም። ጭሱ ወፍራምና ነጭ ሆኖ ከወጣ ሥጋውን ያመረዋል፤ ቀጭንና ሰማያዊ እስኪሆን መጠበቅ ነው።

ፍሪምባ ጠንካራ የሆነው ኮላጅን በሚባል ጅማት ስለተሞላ ነው። ኮላጅን በቀስታ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ሲቆይ ቀልጦ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ሥጋውም ይለሰልሳል። ጥድፊያ አይወድም።

የፋሲካ ዕለት

ሌሊት ጾሙን በዶሮ ወጥ ፈትተን፣ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 4 ኪሎ ፍሪምባ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ነስንሰን አስገባን። እኩለ ቀን ላይ የሥጋው ሙቀት 67 ዲግሪ ደርሶ ቆመ። አንድ ሰዓት ሙሉ ንቅንቅ የለም። እኔ ከሰል ልጨምር ስል አጎቴ እጄን ያዘኝ። ከሥጋው የሚተነው እርጥበት ልክ እንደ ላብ ስለሚያቀዘቅዘው ነው እንጂ እሳቱ አልደከመም። እርጥበቱ ሲቀንስ በራሱ ይነሣል። እንዳለውም ተነሣ።

ወደ ማታ ግን እሱም ተቸገረ። ቴክሳስ ሥጋው የሚወጣው 93 ዲግሪ ሲደርስ ነው፤ የእኛው 89 ላይ አልሄድም አለ። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» አለ አጎቴ። እኔ አንድ ጊዜ ተምሬያለሁና ቴርሞሜትሩን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። 92 አለ። የተበላሸ ነገር የለም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርጥበት ያለው ሥጋ ደግሞ ከዚያ አያልፍም። 93ን ብንጠብቅ ኖሮ ቋንጣ እንበላ ነበር። ሹካ ወጋንበት፤ ያለ ምንም ትግል ገባ። በቃ፣ አወጣነው።

በዚህ ማጨሻ ዶሮ የሚያበስል ሰው ግን 74 ዲግሪ ሳይደርስ እንዳያወጣ። ከሰሉ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያወጣም ቤት ውስጥ ወይም በተዘጋ በረንዳ ላይ ፈጽሞ አይነደድም።

ለእትዬ አንድ ሳህን ይዤ ሄድኩ። ሥጋው ጠርዝ ጠርዙን ቀላ ብሎ ስላዩ «ጥሬ ነው እንዴ?» አሉ። ጭሱ የሚያመጣው ቀለም መሆኑን ነገርኳቸው። አሁንም አልጎረሱም። ያ ሁሉ ጭስ ትዝ ብሏቸው ነው መሰለኝ፣ «ለመሆኑ በርሜሉ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

ደብተሬን አምጥቼ ወረቀቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና ጎረሱ።