ጎረቤቱን የሚፈራ ኅብረተሰብ

ኪነ ጥበብ ከበቀለበት ኅብረተሰብ ተነጥሎ አይታይም። የአስፈሪ ፊልም ሳይቀር፣ «የሚያስፈራው ምንድን ነው?» ተብሎ ሲመረመር የሠራውን ሥርዓት ገበና ሳይወድ በግዱ ያጋልጣል። ለዚህ ዓይነተኛ አብነት የሚሆነን በአሜሪካ በየዘመኑ እየታደሰ የተሠራው «የአካል ነጣቂዎች ወረራ» ነው።

ታሪኩን የደረሰው ጃክ ፊኒ ሲሆን፣ ዶን ሲግል እ.ኤ.አ. በ1956 ለመጀመሪያ ጊዜ በፊልም አቀረበው። ከጠፈር የመጣ ዘር እንደ ባቄላ እሸት ያለ ግዙፍ ፍሬ ያፈራል። ሰው እንቅልፍ ሲወስደው ፍሬው መልኩን፣ ድምፁንና ትዝታውን ቀድቶ በቦታው ይተካል። ግልባጩ ሁሉን ያስታውሳል፤ ፍቅርና ቁጣ ግን የለውም። ፊልሙ የወጣው ተራማጅ የኪነ ጥበብ ሰዎች በጥቁር መዝገብ እየሰፈሩ ከሥራ በተባረሩበት፣ የሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ዘመቻ ጠባሳም ባልሻረበት ወቅት ነበር። ስለዚህም ከፊሉ ተመልካች የኮሙኒዝም ማስፈራሪያ፣ ከፊሉ ደግሞ በዚያው ዘመቻ ላይ የቀረበ ክስ አድርጎ ተረጎመው። የስቱዲዮው ሹማምንት በበኩላቸው ጨለማው መደምደሚያ ገበያ ያበላሽብናል ብለው የተስፋ ጭራ አስቀጠሉበት።

ፊሊፕ ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1978 እንደገና ሲሠራው ግን ያን ጭራ ቆረጠው፤ ታሪኩንም ከትንሽ ከተማ አውጥቶ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰደው። የዚህ ለውጥ ትርጉም ጥልቅ ነው። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ትንሽ ከተማ የጎረቤት መለወጥ ወዲያው ይታወቃል። ነዋሪው ሁሉ ለየብቻው በሚሮጥበት ትልቅ ከተማስ ማን ያስተውላል? ዶናልድ ሰዘርላንድ የተጫወተው የጤና ተቆጣጣሪ በምግብ ቤት ድስት ውስጥ የወደቀውን የአይጥ ቆሻሻ ከቅመም ለይቶ ያወጣል፤ በጎዳና ከሚያልፉት መካከል ሰው የቀረው የትኛው እንደሆነ ግን መለየት ይሳነዋል።

ልብስ በማጠብ የሚተዳደር አንድ ቻይናዊ ሚስቱ ሚስቱ እንዳልሆነች ይናገራል፤ የሚሰማው የለም። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ደህና ሆኗል ይላል። እርሱም ተተክቷል! ሊዮናርድ ኒሞይ የተጫወተው ታዋቂ የሥነ አእምሮ ሐኪም ደግሞ የሰዎቹን ጭንቀት በለሰለሰ ቃል ያስተኛል። ተቆጣጣሪው ወደ ባለሥልጣኖች ሲደውል፣ ስሙን ሳይናገር የስልክ ሠራተኛዋ በስሙ ትጠራዋለች። ፍሬዎቹ በመጋዘን ይመረታሉ፤ በመርከብም ይጫናሉ። የቆሻሻ መኪኖችም የሰዎቹን ቅሪት ይሰበስባሉ። ወረራው የተካሄደው በጦር ሳይሆን በተለመደው የቢሮ፣ የስልክና የማጓጓዣ አሠራር ነው።

የፊልሙ ጥንካሬም ድክመትም እዚህ ላይ ነው። በሽታውን በትክክል አሳይቷል፤ ምንጩን ግን ወደ ጠፈር አርቆታል። ሰውን ስሜት አልባ መሣሪያ ለማድረግ ከሌላ ዓለም ዘር መምጣት አያስፈልግም። የጉልበቱን ፍሬ ከእጁ የሚነጥቅ፣ ጎረቤቱንም ተፎካካሪው የሚያደርግ ሥርዓት ብቻውን ይበቃል። ባዕድነት የሚበቅለው በምድር ላይ፣ በምርት ግንኙነት ውስጥ ነው።

በመጨረሻው ትዕይንት ከጥፋቱ የተረፈች ሴት ተቆጣጣሪውን ወዳጄ ብላ ትቀርበዋለች። እርሱም ጣቱን ቀስሮባት አሰቃቂ ጩኸት ያሰማል። እኛ ከፊልሙ ሁሉ የምናስቀድመው ትምህርት ይህ ነው፦ የተተካ ሰው የሚታወቀው ጣቱን በጎረቤቱ ላይ በመቀሰሩ ነው። አስመሳይን አጋልጣለሁ እያለ በየበሩ ጥርጣሬ የሚዘራ፣ አስመሳዩ የጀመረውን ሥራ ይፈጽምለታል።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1993 እና በ2007 እንደገና መሠራቱ ፍርሃቱ ገና እንዳልተፈታ ይመሰክራል። ፍርሃቱን የሚፈታው ጩኸት አይደለም። ሠራተኛው ከሥራ ባልደረባው፣ ነዋሪውም ከጎረቤቱ ጋር በችግርና በደስታ ሲተዋወቅ ግልባጭ የሚገባበት ቀዳዳ ይጠፋል። እውነተኛ ንቃት ጎረቤትን መጠርጠር ሳይሆን ጎረቤትን ማወቅ ነው!