ላሟን ነው የገዛችሁት

ጠጋ በሉማ፣ ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ጋራዤ ውስጥ ሁለት ፍሪጅ አለ። አንዱ የቅቤና የበርበሬ ነው፤ እሱን የማያውቅ የለም። ሁለተኛውን የሚያውቁት ሐሙስ ማታ ጠርሙስ በፌስታል ሸፍነው የሚመጡት ብቻ ናቸው። የታጠበ ጠርሙስ እቀበላለሁ፣ ሙሉ ጠርሙስ እሰጣለሁ። ጥሬ ወተት፣ እሳት ያልነካው፣ ስልባቦቱ አንገቱ ላይ ቢጫ ሆኖ የተኛ።

ሸጠች እንዳትሉኝ! ቨርጂኒያ ውስጥ ጥሬ ወተት በችርቻሮ መሸጥ ክልክል ነው፤ እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ሴት ነኝ። እዚህ ቤት ወተት አይሸጥም።

የሚሸጠው ላም ነው።

አትሳቁ፣ ወረቀት አለው። ገበሬው ላሞቹን በድርሻ ከፋፍሎ ይሸጣል። የድርሻችሁን አንድ ጊዜ ትከፍላላችሁ፣ ትፈርማላችሁ፣ በቃ ባለ ላም ሆናችሁ። አፓርታማ ውስጥ ላም ማሰር ስለማይቻል እሱ ዘንድ ትውላለች፣ ታድራለች፤ ለዚህም በየወሩ የቀለብና የጠባቂ ትከፍላላችሁ። የራስን ላም ወተት መጠጣት የሚከለክል ሕግ ደግሞ የለም። በየሳምንቱ የምትወስዱት ጋሎን ግዢ ሳይሆን የገዛ ንብረታችሁ ነው። ፒያሳ ተወልዳ ያደገች፣ ላም በቅርብ ያየችው በበዓል ዋዜማ ብቻ የሆነች ሴት እዚህ መጥታ የከብት ባለቤት ስትሆን ማየት እንዴት ደስ ይላል መሰላችሁ።

ታዲያ እኔ ጋ ወግ አለ። አዲስ የመጣች ልጅ «ወተቱ ስንት ነው?» ካለች ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ። «የምን ወተት፣ እህቴ? የላምሽን ቀለብ ማለትሽ ነው?» አንዴ ከገባት ሁለተኛ አትሳሳትም።

አንድ እናት ግን ረተውኛል። ልጃቸው ውሉን እያነበበች ስትተረጉምላቸው ጸጥ ብለው አዳመጡና «ጥጃውስ የማን ነው?» አሉ። ላም ለርቢ መስጠት ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሰው ናቸዋ! ስንቱ ፈርሞ ሲሄድ ይህን የጠየቀ አልነበረም። የገበሬው ነው ስላቸው «አይ ልጄ፣ ሞኝ አግኝቷችኋል» አሉኝ። ከዚያ ፈረሙ።

አሁን ወደ ድልድዩ እንሂድ፤ ወሬው የሚጣፍጠው እዚያ ነው።

ከደንበኞቼ፣ ይቅርታ፣ ከላም ባለቤቶቹ ብዙዎቹ የሚኖሩት ወንዙን ተሻግሮ ሜሪላንድ ነው። ሜሪላንድ ጥሬ ወተት ለሰው መሸጥ ክልክል ነው፤ የላም ድርሻ የሚባለውንም ዘዴ ቀድመው ነቅተውበት ዘግተውታል። ከሁለቱም በላይ የፌዴራሉ ሕግ አለ፦ ከእ.ኤ.አ. 1987 ጀምሮ ለሰው የሚሆን ጥሬ ወተት ከአንዱ ስቴት ወደ ሌላው አሻግሮ መሸጥ አይቻልም። የፌዴራሉ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ፣ ኤፍዲኤ፣ ይህን በገዛ ፈቃዱ ያወጣው እንዳይመስላችሁ። ዓመታት ሲያመነታ ቆይቶ፣ የሸማቾች ተሟጋቹ ራልፍ ኔደር ያቋቋመው ፐብሊክ ሲቲዝን የሚባል ድርጅት ከሶት፣ ፍርድ ቤት አስገድዶት ነው።

እንግዲህ ስሙ። ጠርሙሱ ያው፣ ድልድዩ ያው። ጥያቄው መሪ የያዘው ማን ነው የሚለው ነው። ገበሬው ለሽያጭ ጭኖ ካሻገረ ጥፋት ነው። ጠጪዋ ራሷ ለራሷ ብታሻግር የሚነካት የለም። ይህን ያለው ኤፍዲኤ ራሱ ነው፦ ለግሉ መጠጫ ጥሬ ወተት ገዝቶ ድንበር ያሻገረን ሰው ተከታትዬ አላውቅም፣ ወደፊትም አልከታተልም ብሏል። መቼ? በኖቬምበር 2011፣ እናቶች ከፔንሲልቫኒያ ጥሬ ወተት በመኪና ጭነው መጥተው ዋናው መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲጠጡበት። መሥሪያ ቤቱ የት ሆነና? ሲልቨር ስፕሪንግ! እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ ክትፎ የምንበላበት ከተማ። ክልከላውን የጻፉት ሰዎችና ወተቱን የሚያሻግሩት ሐበሾች አንድ ሰልፍ ላይ ቆመው ቡና ሳይገዙ አልቀሩም።

«ለጎረቤቴስ አንድ ብይዝላት?» ትሉኛላችሁ። መግለጫው ለራስ ብቻ ነው የሚለው። ሐበሻን የሰው ዕቃ አትያዝ ማለት ግን... እኔ እንግዲህ ጋራዥ ውስጥ ነኝ፣ ድልድዩ አይታየኝም።

የድርሻው ወረቀት ሁሌ ያድናል ብላችሁም አትዘናጉ። ዳንኤል አልጋየር የሚባል የፔንሲልቫኒያ አሚሽ ገበሬ ነበር። ዋሽንግተንና ሜሪላንድ ላሉ ቤተሰቦች ወተት ያደርስ ነበር። ከሚያዝዙት መካከል የተወሰኑት ወተት የጠማቸው አልነበሩም፤ በሐሰተኛ ስም የገቡ የኤፍዲኤ መርማሪዎች ነበሩ። በ2010 ገና በንጋት እርሻው ድረስ መጡበት። በ2012 የፌዴራል ዳኛ የላም ድርሻ ውሉ ሽያጩን ለመሸፈን የተፈጠረ ማሳበቢያ ነው ብለው አገዱት፤ እሱም ሥራውን ዘጋ። አዲስ ፊት ደጄ ላይ ሳይ ሳቄ ትንሽ የሚዘገየው ለዚህ ነው።

የሚያስቀው ደግሞ፣ እዚያው ፔንሲልቫኒያ ውስጥ ጥሬ ወተት ሕጋዊ ነው። ከስቴቱ ግብርና ቢሮ ፈቃድ ያወጣ ገበሬ እርሻው ላይም ሱቅ ውስጥም በጠራራ ፀሐይ ይሸጠዋል። ጥሬ አይብም ይቻላል፣ ግን ቢያንስ 60 ቀን የቆየ መሆን አለበት። ስልሳ ቀን! የእኛ አይብ ጎመኑ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል።

ፍሎሪዳ ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ ሌላ ጉድ አላቸው። እዚያ ጥሬ ወተት የሚሸጠው ለእንስሳት ነው፤ «ለሰው ፍጆታ አይደለም» የሚል ተለጥፎበት። ጆርጂያም እስከ 2023 አጋማሽ እንደዚያው ነበር። አትላንታ ያለች ጓደኛዬ ያኔ ሻጩ «ድመትሽ ደህና ናት?» ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወፍራለች» እያለች ትወስድ ነበር። ድመት ስታይ የምታስነጥስ ሴት ናት።

እስካሁን የሳቃችሁበት ይበቃል። አሁን ማንም ደፍሮ የማይነግራችሁን ልንገራችሁ።

ፈቃድ ያለው የፔንሲልቫኒያ ወተት ይመረመራል። ናሙና ይወሰዳል፣ ላሞቹ ይታያሉ፣ ጀርም ከተገኘ ሽያጩ ይቆማል። የእኔ ፍሪጅ ውስጥ ያለውስ? ያልተሸጠ ነገር ማን ይመረምራል! የገዛ ላማችሁ ወተት ነዋ። ወረቀቱ ገበሬውን ከሕግ ሲያስጥለው እናንተን ደግሞ ከተቆጣጣሪ ያርቃችኋል። እውነቱን ለመናገር፣ ከልክሎ ዓይንን ከመጨፈን ፈቅዶ መመርመር ይሻል ነበር ባይ ነኝ። ቢሆንማ ሐሙስ ሐሙስ እኔም አርፌ በተኛሁ።

ስለዚህ ባለቤት ከሆናችሁ እንደ ባለቤት ጠይቁ። ላሞቹ የሳንባ ነቀርሳና የብሩሴላ ምርመራ ተደርጎላቸዋል? ወተቱ ከታለበ በኋላ ምን ያህል ቶሎ ይቀዘቅዛል? ከ4 ዲግሪ በታች ካልሆነ ተዉት። የላቦራቶሪ ውጤቱን አሳየኝ ስትሉት የሚቆጣ ገበሬ ካጋጠማችሁ ድርሻችሁን ይዞ ይቅር። ኢ.ኮላይ ላሟ ንጹሕ ስለመሰለች አይቀርም፤ የትንሽ ልጅ ኩላሊት ላይ ሲወጣ ደግሞ ጨዋታ አይደለም። በ2024 የወፍ ጉንፋን ቫይረስ የአሜሪካ የወተት ላሞች ውስጥ ተገኘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ካሊፎርኒያ ሱቅ የገባ ጥሬ ወተት ቫይረሱ ታይቶበት ከመደርደሪያ ተሰብስቧል። እርጉዝ ስትመጣብኝ «ታፈይዋለሽ?» ብዬ አስምላታለሁ።

ማፍላት ካልኩ ዘንዳ፣ ትልቁ ምስጢር ይኸውላችሁ። ነጮቹ ባለ ድርሻዎች ቢሰሙ ይታመማሉ።

አብዛኛው ሐበሻ ይህን ሁሉ ውል ፈርሞ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ ቤቱ ይደርስና... ያፈላዋል! የሚጠጣውን ድስት ላይ ጥዶ፣ ገንፍሎ እንዳይፈስ አጠገቡ ቆሞ፣ እንደ አገር ቤቱ። ጥሬነቱን ማን ፈለገው? የተፈለገው ቅቤው ነው። የሱቁ ወተት እኮ ቅባቱ በመኪና ተሰባብሮ ስለተበተነ ቀኑን ሙሉ ቢንጡት ጠብ አይልም። ካርቶኑ ላይ «አልትራ» የሚል ያለበት ደግሞ ከ138 ዲግሪ በላይ የገባ ነው፤ እርጎ አድርጋችሁ ብታረጉት ቀጠን ሊልባችሁ ይችላል።

ለዚህ ብቻ ከሆነ እኔ ጋ ምን አስመጣችሁ? ሱቅ ውስጥ በመስታወት ጠርሙስ የሚሸጥ፣ «ክሬምላይን» የሚል የተጻፈበት ወተት አለ። ፓስቸራይዝ ተደርጓል፣ ብዙውን ጊዜ በቀስታ፣ 63 ዲግሪ ላይ ለ30 ደቂቃ፤ ቅባቱን ግን አልሰበሩትም፣ ከላይ ይንሳፈፋል። ሕጋዊ ነው፣ ደረሰኝ ይሰጧችኋል፣ ድልድዩንም እንደፈለጋችሁ ተሻገሩ። ለእርጎ ሲሆን ግን ከቆየ እርጎ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጉበት፤ ብቻውን አስቀምጣችሁ ከጠበቃችሁት ይሸታችኋል እንጂ አይረጋም።