«ኤም» ላይ ያላነሳ ፎቶ አንሺ አይደለም?

«እውነተኛ ፎቶ አንሺ በአውቶማቲክ አያነሳም፤ መዞሪያውን ኤም (ማኑዋል) ላይ አድርግና እርሳው።» ይህን ምክር በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የእህቴ ልጅ 80 ቀን ሞልቷት ክርስትና ስትነሳ ፎቶ አንሺው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ኪስ የምትገባ ካሜራ ገዝቷል፣ ምክሩንም ከአንድ «አዋቂ» ተቀብሏል። ክርስትና ቤት ሲገባ ሹተሩንም አይኤስኦውንም በእጁ አስተካክሎ ቆለፈ፤ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ደህና ናቸው። ቄሱ ሕፃኗን ሲያጠምቁ ፊቷን ለማቅረብ ዙም አደረገ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ሃያ ምናምን ፎቶዎች ጥላሸት ናቸው፤ የሚለየው የክርስትና እናቷ ነጠላ ብቻ ነው። የካሜራው ስክሪን ለማሳየት ሲል ራሱን ስለሚያፈካ እዚያው አልነቃም። ክርስትና ደግሞ አይደገምም።

የአብዛኞቹ ትንንሽ ካሜራዎች ሌንስ ዙም ሲደረግ የሚያስገባው ብርሃን ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ሶኒ አርኤክስ100 ለምሳሌ ያለ ዙም ኤፍ 1.8 ነው፤ እስከ ጫፍ ሲሳብ ኤፍ 4.9 ይሆናል (ቁጥሩ ሲጨምር የሌንሱ ቀዳዳ ይጠባል)። ሲሰላ ሴንሰሩ የሚያገኘው ብርሃን የመጀመሪያው አንድ ሰባተኛ ገደማ ነው። አውቶማቲክ ቢሆን ካሜራው ሹተሩን ያዘገያል ወይም አይኤስኦውን ያወጣል። ኤም ላይ ግን «አንተ ታውቃለህ» ብሎ ዝም ነው።

ደግሞስ ጀማሪው ኤም ላይ ምን ያደርጋል? ስክሪኑ ግርጌ ያለውን መለኪያ እያየ ዜሮ ላይ እስኪቆም ቁጥሮቹን ያዞራል። መለኪያው የካሜራው ነው፤ አውቶማቲኩም የሚሠራው በዚያው ነው። ያው ፎቶ፣ ግን ልጅቷ ፊቷን ካዞረች በኋላ።

ምክሩ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ትራይፖድ አቁሞ የሌሊት ከተማ ለሚያነሳ፣ ወይም መብራቱ የማይለዋወጥ መድረክ ላይ በጥቁር መጋረጃ ፊት የቆመን ዘፋኝ ለሚያነሳ ኤም ወደር የለውም። ለመማርም ቢሆን የቡና ሲኒ ፊት ለፊት አስቀምጦ አንድ ከሰዓት መለማመድ ጥሩ ነው። ሲኒ አይሮጥም።

ጀማሪ አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ግን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ነው፤ ስለ እሷ የሚያወራ «አዋቂ» ግን ብዙም አላጋጠመኝም። ካሜራ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ነጠላ የለበሱ ሰዎች ፎቶውን ሲሞሉት «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ የሰዎቹ ፊት አይለይም። መዞሪያው ፒ (ፕሮግራም አውቶ) ላይ ሆኖ በዚያች ቁልፍ +1 ሲደረግ ፊቱ ይመለሳል። ነጠላው ከልክ በላይ ነጥቶ ጥለቱ ከጠፋ ወደ +0.7 ዝቅ ማለት ነው። ወንድሜ አሁን የሚያነሳው እንዲህ ነው።

«አይኤስኦ ከ100 አይውጣ» የሚሉም አሉ። ደብዘዝ ባለ ሳሎን ውስጥ 100 ላይ ሹተሩ ስለሚዘገይ የምትሯሯጥ ልጅ ጭስ ትመስላለች። አይኤስኦው ወጥቶ ነጠብጣብ የበዛበት ፎቶ ቢያንስ ፊት ያሳያል፤ የተንቀጠቀጠን ግን የሚጠግነው የለም። 800 ላይ ያድርጉት።

«የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ጥራት ይጨምራል» የሚለው ደግሞ ከትልልቅ ካሜራዎች የተወረሰ ነው። የብዙ ርካሽ ኮምፓክቶች ሴንሰር 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው ስፋቱ፤ እዚያ ላይ ኤፍ 8 ሲደረግ ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ጠርዝ እየተበተነ ምስሉን ያለሰልሰዋል።