የናፍጣ መኪና ሲያረጅ ጭሱ ለምን ይጠቁራል?

ጭነት የያዘ አሮጌ መኪና የአዲስ አበባን ዳገት ሲወጣ የሚተወውን ጥቁር ጭስ ያላየ የለም። ብዙዎቻችን «ስላረጀ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ይሁንና ዕድሜ ብቻውን ጭስ አይፈጥርም፤ ጭሱን የሚፈጥሩት በአገልግሎት ብዛት የተጎዱ የሞተር ክፍሎች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ እነርሱን እንመለከታለን።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር ካንዴላ አያስፈልገውም። በሲሊንደሩ ውስጥ በኃይል የታመቀው አየር ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፤ በኢንጀክተሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የሚረጨው ናፍጣም በዚህ ሙቀት በራሱ ይቀጣጠላል። ስለሆነም ጥሩ ቃጠሎ ሦስት ነገሮችን ይሻል፤ እነርሱም በቂ አየር፣ ደቃቅ ርጭትና በቂ እመቃ ናቸው።

መኪናው ሲያረጅ ሦስቱም ይጓደላሉ። የኢንጀክተሩ ቀዳዳዎች ሲሰፉ ወይም በከፊል ሲደፈኑ ናፍጣው እንደ ጉም መበተኑ ቀርቶ ትልልቅ ጠብታ ይሆናል፤ በቂ ኦክስጅን ያላገኘው ነዳጅም ወደ ጥላሸት ይለወጣል። የአየር ማጣሪያው በአቧራ ሲታፈን ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። የፒስተን ፋሻዎች ሲበሉ ደግሞ እመቃው ይቀንሳል፤ ሾልኮ የሚቃጠለው የሞተር ዘይትም ጭሱን ሰማያዊ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመገኘቷ አየሯ ስስ መሆኑ ችግሩን ያባብሰዋል።

ሁሉም በካይ ግን እኩል አይጨምርም። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች የሚፈጠሩት በከፍተኛ ሙቀት ስለሆነ፣ ቃጠሎው የደከመ ሞተር ጥላሸቱ ሲበዛ የእነዚህ ጋዞች መጠን ብዙም ላይጨምር ይችላል። በአንጻሩ የዘመናዊ መኪና ንጽሕና በጭስ ማውጫው ላይ በተገጠመው የጥላሸት ማጣሪያ ላይ የተመሠረተ ነው። ማጣሪያው ከተሰነጠቀ ወይም ተነቅሎ ከተጣለ፣ መኪናው አዲስ ቢሆንም የሚያወጣው ጥላሸት በአንድ ቀን በብዙ እጥፍ ያድጋል።

ጉዳዩ የጤና ነው። በሰኔ 2004 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች መድቦታል። ከ2.5 ማይክሮሜትር ያነሱት የጥላሸት ቅንጣቶች ወደ ሳንባ ጥልቀት ይዘልቃሉ፤ ቀድመው የሚጎዱትም ቀኑን ሙሉ በመንገድ ዳር የሚውሉት ናቸው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ወደ አገር በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ ቁጥር ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። ሆኖም ቀደም ብለው የገቡት ገና ለዓመታት ያገለግላሉ። የእነርሱን ጭስ የሚቀንሰው ጋራዥ ነው፤ ማጣሪያን በጊዜው መለወጥ፣ ኢንጀክተርን ማስፈተሽና የተበላ ፋሻን መቀየር። የመኪናን ዕድሜ መመለስ አንችልም፤ ጭሱን መቀነስ ግን እንችላለን።