በአሸዋ ውስጥ ያሉ ክፍተቶችን በኑክሊየር ማግኔታዊ ሬዞናንስ ስለ መገመት

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ ሰበታ፣ በስተ ምዕራብ ቡራዩ፣ በስተ ሰሜንም ከእንጦጦ ማዶ ሱሉልታ ይገኛሉ። ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉ ሲሆን፣ ነዋሪያቸው በበዛ መጠን ከከርሰ ምድር የሚፈለገው ውሃም ይጨምራል። ይህ ጉዳይ ለሳይንስ ትምህርት መሠረታዊ የሆነ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ ይኸውም መሬት የያዘው ውሃ ሁሉ ስለምን አይቀዳም? የሚለው ነው።

መልሱ በቀላል ሙከራ ሊታይ ይችላል። ከሥራቸው የተበሱ፣ ቀዳዳቸው በሰም የተደፈነና ውስጣቸው ጨርቅ የተነጠፈባቸው ሁለት ጣሳዎች ይዘጋጃሉ። በአንደኛው በወንፊት የተለየ ሻካራ አሸዋ፣ በሁለተኛው ደቃቅ አሸዋ ተሞልቶ ውሃ እስኪጠግቡ ይፈስባቸዋል። ሁለቱ የሚይዙት ውሃ ተቀራራቢ ይሆናል፤ ሰሙ ሲነሣ ግን ሻካራው ቶሎ ሲለቅ ደቃቁ አብዛኛውን ይዞ ይቀራል። እንግዲህ የውሃው ብዛትና የክፍተቶቹ ስፋት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የመለኪያው አሠራር

ፌሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሴል እ.ኤ.አ. በ1946 ለየብቻቸው ያስታወቁት፣ በ1952ም የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ያስገኘላቸው ዘዴ ሁለቱንም ለማወቅ ይረዳል። በሆስፒታል የሚታወቀው ኤምአርአይም የተመሠረተው በዚሁ ላይ ነው። በውሃ ውስጥ ያሉት የሃይድሮጂን ኑክሊየሶች እንደ ጥቃቅን ማግኔቶች ናቸው። በማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሆነው አጭር የሬዲዮ ሞገድ ሲነካቸው ከአቅጣጫቸው ይዘነበሉና ምልክት ይሰጣሉ፤ ምልክቱም ቀስ በቀስ ይረግባል።

የምልክቱ የመነሻ ጉልበት የውሃውን መጠን፣ የሚረግብበት ጊዜ ደግሞ የክፍተቱን ስፋት ያመለክታል። ዓይኑን ተሸፍኖ በጠባብ ጎጆ ውስጥ የሚዞር ሰው ግድግዳውን ቶሎ ቶሎ እንደሚነካ ሁሉ፣ በጠባብ ክፍተት ያለ የውሃ ሞለኪዩልም የአሸዋውን ገጽ ደጋግሞ ይነካል፤ በዚያም ምልክቱን ያጣል። የንጹሕ ውሃ ምልክት ከ2 እስከ 3 ሴኮንድ ሲቆይ፣ በጠባብ ክፍተት ያለው ግን በሴኮንድ ሺኛ ክፍሎች ውስጥ ሊጠፋ ይችላል።

ክፍተቱ እንደ ኳስ ክብ ነው ቢባል፣ ሬዲየሱ የመርገቢያው ጊዜ በገጹ የማርገብ ኃይል ተባዝቶ 3 ጊዜ ሲታጠፍ የሚገኘው ነው። ጊዜው 0.1 ሴኮንድ፣ ኃይሉም በሴኮንድ 10 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ ሬዲየሱ 3 ማይክሮሜትር ይሆናል።

ስለ አካባቢው አሸዋ የሚደረግ ጥንቃቄ

በዚህ ስሌት የተለካው ጊዜው ብቻ ነው፤ የገጹ ኃይል ግን ከሌላ ምንጭ የሚወሰድ ነው። በሦስቱ ከተሞች ዙሪያ ያለው አሸዋ በአብዛኛው እንደ እንጦጦና ወጨጫ ካሉ ተራሮች ከወረደ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ በመሆኑ ብረት አዘል ማዕድናት አሉት። ብረት ምልክቱን ያፋጥነዋል። እውነተኛው ኃይል 10 ሳይሆን 30 ቢሆን፣ ያው 0.1 ሴኮንድ የሚያመለክተው 9 ማይክሮሜትር ነው። ይህን ያላገናዘበ ሰው ሰፊውን ክፍተት ጠባብ ያደርገዋል።

ስሕተቱ በቍጥር ብቻ አይወሰንም። በብዙ የአሸዋ ድንጋይ ጥናቶች ከ33 ሺኛ ሴኮንድ በታች የሚረግብ ውሃ እንደ ተያዘና እንደማይፈስ ይቆጠራል። ይኸው ወሰን በብረት አዘል አሸዋ ላይ እንዳለ ቢሠራበት፣ ሊቀዳ የሚችል ውሃ እንደማይቀዳ ተቆጥሮ ለጕድጓድ የሚበቃ ስፍራ ሊተው ይችላል። ከሱሉልታ ወዲያ በሙገር ሸለቆ ከባዛልቱ በታች ለሚታየው ጥንታዊ የአሸዋ ድንጋይ የሚስማማው ቍጥር ለዚህኛው ላይስማማ ይችላል። ስለሆነም ከየስፍራው ናሙና ተወስዶ፣ ለምሳሌ ሜርኩሪን በግፊት ወደ ክፍተቶቹ በማስገባት፣ ግምቱ መመሳከር ይኖርበታል።

ለማስተማር የሚሰጠው ጥቅም

መሣሪያው በትምህርት ቤት ባይገኝም ትምህርቱ ከጣሳው ሙከራ ሊጀመር ይችላል። ተማሪዎች በደብተራቸው በአንድ ዓምድ የለኩትን፣ በሌላው ከልኬቱ ተነሥተው የገመቱትን፣ በሦስተኛው ለግምቱ መነሻ ያደረጉትን ሐሳብ ቢጽፉ፣ ቍጥር ሁሉ እኩል እርግጠኛ እንዳልሆነ ይገነዘባሉ። የከተማቸውን ውሃ የሚመለከት ውሳኔ በሚሰጥበት ጊዜም ሦስተኛውን ዓምድ መጠየቅ ይለምዳሉ።