ከዜግነት መሐላ በፊትና በኋላ ስለሚፈጸም ጋብቻ

ከመካኒሳ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ ሳሪስ ባለው በንፋስ ስልክ ላፍቶ አካባቢ፣ አባቱ ወይም እናቱ አሜሪካን አገር ሆነው ማመልከቻ ያስገቡለትን ወጣት ማግኘት አያስቸግርም። ማመልከቻው ተራውን ሲጠብቅ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሽማግሌ ይላካል፤ ዘመድም «እስከ መቼ?» ማለት ይጀምራል። በዛሬው ንግግራችን የምናስረዳው ጋብቻው በማመልከቻው ላይ ምን ለውጥ እንደሚያመጣ ነው።

በእኛ ዘንድ ልጅ የልጅ ልጅ ቢያይም ለወላጁ ልጅ ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ግን «ልጅ» የሚባለው ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች የሆነና ያላገባ ብቻ ነው። የአሜሪካ ዜጋ ልጅ እንዲህ ሲሆን ዓመታዊ ኮታ አይከለክለውም። 21 ዓመት የሞላው ያላገባ ልጅ በአንደኛው የቤተሰብ ምድብ፣ ያገባው ደግሞ በሦስተኛው ተራ ይጠብቃል። ለእያንዳንዳቸው በዓመት የተወሰነው መሠረታዊ ቁጥር ለመላው ዓለም 23,400 ቪዛ ነው። ቁጥሩ እኩል ሆኖ ሳለ ጥበቃው ስለምን ይለያያል የሚል ቢኖር፣ አንዱ ምክንያት ያገባው ሰው የትዳር ጓደኛውንና ልጆቹን አስከትሎ ስለሚሄድ፣ የእነርሱም ቪዛ ከዚያው ቁጥር ስለሚቀነስ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2025 መጨረሻ፣ ለኢትዮጵያውያን በአንደኛው ምድብ ተራው የደረሰው በ2016 ለተመዘገቡት ሲሆን፣ በሦስተኛው ግን ገና በ2011 ለተመዘገቡት ነበር።

እንግዲህ የዜጋ ልጅ ተራውን ሲጠብቅ ቢያገባ መብቱ አይጠፋም። የቀድሞውን የማመልከቻ ቀን እንደያዘ ወደ ሦስተኛው ምድብ ይዛወራል። ጥበቃው ይረዝማል፤ ሚስቱ ግን አብራው ትሄዳለች።

ብርቱው አደጋ ያለው ወላጁ ገና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለት ግሪን ካርድ ብቻ ባለው ጊዜ ነው። ሕጉ ግሪን ካርድ ላለው ሰው ያገባ ልጅ ምንም ምድብ አላበጀለትም። ለምሳሌ እናት ለወንድና ለሴት ልጇ በአንድ ቀን አመለከተች እንበል። ወንዱ እናቱ የዜግነት መሐላ ከመፈጸሟ አንድ ወር አስቀድሞ አገባ፤ ሴቲቱ ከመሐላው አንድ ወር በኋላ አገባች። የሴቲቱ ማመልከቻ የቆየ ቀኑን ይዞ ወደ ሦስተኛው ምድብ ይሄዳል። የወንዱ ግን በሠርጉ ዕለት ወድቋል፤ እናቱ በኋላ ዜጋ መሆኗም አያነሣውም። አዲስ ማመልከቻ በአዲስ ቀን ሊገባለት ያስፈልጋል፤ የጠበቀው ዘመን ሁሉ አይቆጠርለትም። በሁለት ወር ልዩነት የአንድ እናት ልጆች ከአሥር ዓመት በላይ ሊራራቁ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ቤተ ክርስቲያን ነው የተጋባነው፤ ወረዳ አልተመዘገብንም» ሲል ይሰማል። ይህ መከላከያ አይሆንም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱንም ጋብቻዎች ያውቃል። የአሜሪካ ሕግም በተፈጸመበት አገር የጸናውን ጋብቻ በመሠረቱ ጋብቻ ይለዋል። ቁርባኑ ወይም ኒካሁ ከተፈጸመ፣ ከወረዳ ያላገባ ነኝ የሚል ማስረጃ አውጥቶ ለኤምባሲ ማቅረብ ሐሰት ነው፤ ሐሰቱም ቢታወቅ ለዘለቄታው ከመግባት ሊያስከለክል ይችላል። ሽማግሌ መላክና ቀለበት ማሰር ብቻውን ግን ጋብቻ አይደለም።

ለወረቀት ብቻ ስለሚደረግ ፍቺም እንዲሁ ነው። በእውነት የተፋታ የዜጋ ልጅ ቀኑን እንደያዘ ወደ አንደኛው ምድብ ይመለሳል፤ በፍርድ ቤት ተፋትቶ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚኖረውን ግን መርማሪዎቹ አይቀበሉትም።

የቪዛ አሰጣጥ በመንግሥት ትእዛዝ የሚታገድበት ጊዜ አለ፤ ከዚህ በላይ የገለጽነው የምድብ አከፋፈል ግን በሕግ የቆመ ነው።

የመጨረሻው ጉዳይ የመሸኛ ሠርግ ነው። ወላጅ ወይም አያት «ድሬ ልሸኘው» ማለታቸው የሚያስነቅፍ አይደለም። ነገር ግን በአንደኛው ምድብ ቪዛ የተሰጠው ሰው አሜሪካን አገር ሳይገባ ቢያገባ፣ ቪዛው ላላገባ ሰው የተሰጠ ስለሆነ አያስገባውም። ከገባ በኋላ ግን ወዳገሩ ተመልሶ ማግባት ይችላል፤ ያን ጊዜ ለሚስቱ የሚያመለክትላት እርሱ ራሱ ነው።